እንጨቱን ሳይሆን ጀርባውን እንይ
(ድምፅ የሚመጥ የግድግዳ ሰሌዳ ስለ መምረጥ)

ከዝግጅት ክፍላችን ባልደረቦች አንዱ ባለፈው ዓመት ኮንዶሚኒየም ገባ። ግድግዳው ብሎኬትና ልስን፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው አርማታ ነው። ማታ ማታ ሳሎኑ ውስጥ የሠፈር ልጆችን ያስጠናል። ታዲያ ሦስት ልጆች አንድ ላይ ካወሩ ማንም ማንን አይሰማም። ጆሯቸው ደከም ያለው እናቱም፣ «እናንተ ስታወሩ ገበያ መሀል የተቀመጥኩ ይመስለኛል» እያሉ ወደ ጓዳ መግባት አበዙ።

ባልደረባችን የስንት ወር ቁጠባውን አውጥቶ ከአንድ ሱቅ «ድምፅ ይመጣል» የተባለ ባለ መስመር የግድግዳ ሰሌዳ ገዛና ለጠፈ። ቤቱ አማረ። ቢያጨበጭብ ግን ገደል ማሚቶው እንደ ድሮው ነው። ተርፎ የቀረውን ቁራጭ ይዞልን መጥቶ ስናገላብጠው ከፊት እንጨት መሳይ ቦይ የወጣለት፣ ከኋላ ድፍን የሆነ ፕላስቲክ ሆኖ አገኘነው። ይህን ትምህርት ለመጻፍ የተነሣሣነው ያን ቀን ነው። በመምህር ደመወዝ ሁለት ጊዜ አይገዛምና!

ሀ. ድምፅ ቤት ውስጥ ምን ይሆናል?

ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። ጠጣርና ለስላሳ ገጽ ላይ ሲያርፍ አብዛኛው ተመልሶ ይነጥራል። ከዚያ ወደ ሌላው ግድግዳ፣ ከዚያም ወደ ጣሪያው ይሄዳል። የመጀመሪያው ቃል ሳይሞት ሁለተኛው ይደርስበታል፤ ቃላቱም ይደራረባሉ። የባልደረባችንን እናት ያስቸገረው የድምፅ ማነስ ሳይሆን ይኸው መደራረብ ነው።

ይህን በቁጥር ያስቀመጠው አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳባይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የተከፈተ አንድ የንግግር አዳራሽ ተናጋሪው የማይሰማበት ሆነና መፍትሔ እንዲፈልግ ታዘዘ። እሱም ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራሶችን እያስመጣ፣ ጸጥ ባለ ሌሊት የኦርጋን ቧንቧ እያስጮኸ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ በሰዓት ለካ። ባዶው አዳራሽ ድምፁን 5 ሰከንድ ተኩል ያህል ይዞ ይቆይ ነበር። ትራስ በጨመረ ቁጥር ጊዜው አጠረ። ከዚህም ጥናት የሚከተለው ቀመር ተገኘ፦

የማስተጋቢያ ጊዜ (በሰከንድ) = 0.16 × የክፍሉ ይዘት (በሜትር ኩብ) ÷ የክፍሉ ጠቅላላ የመምጠጥ አቅም

የማስተጋቢያ ጊዜ ማለት የድምፁ ኃይል ወደ አንድ ሚሊዮንኛው እስኪወርድ ያለው ጊዜ ነው። የመምጠጥ አቅም ደግሞ የእያንዳንዱ ገጽ ስፋት በካሬ ሜትር ከሚመጠው እጅ ጋር ተባዝቶ፣ ሁሉም ተደምሮ የሚገኝ ነው።

ለ. እስቲ እናስላ

ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 4፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ባዶ ሳሎን እንውሰድ። ይዘቱ 60 ሜትር ኩብ፣ የገጾቹ ስፋት በጠቅላላ 94 ካሬ ሜትር ነው። ልስንና ሴራሚክ ከ100 እጅ 3 እጅ ያህል ብቻ ይመጣሉ ብንል፣ አቅሙ 2.8 ይሆናል። ስለዚህ 0.16 × 60 ÷ 2.8 = 3.4 ሰከንድ።

አሁን 240 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 6 ሰሌዳዎች እንለጥፍ፤ ስፋታቸው 8.64 ካሬ ሜትር ነው። ሰሌዳው በሚገባ የተሠራና 80 እጅ የሚመጥ ከሆነ ጊዜው ወደ 1 ሰከንድ ይወርዳል። ድፍን ሆኖ 5 እጅ ብቻ የሚመጥ ከሆነ ግን 3.2 ሰከንድ ላይ ይቀራል። መልካቸው አንድ፣ ሥራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የቤት ዕቃና ሰው ሲገባ ቁጥሩ ዝቅ ቢልም፣ በሁለቱ ሰሌዳዎች መካከል ያለው ልዩነት እንዳለ ነው።

ሐ. ስንገዛ ምን እንይ?

1ኛ፣ ጀርባውን። ድምፅ የሚመጠው እንጨቱ ሳይሆን ከእንጨቶቹ ጀርባ ያለው ፌልት የሚባል ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ነው። ንዝረቱ በክሮቹ መሀል ሲሽሎከሎክ በሰበቃ ኃይሉን ያጣል። ጨርቁ ላይ አፍን ገጥሞ እፍ ማለት ነው፤ ትንፋሹ ትንሽ እየታገለ ካለፈ ደኅና ነው። ጭራሽ ካላለፈ በኮላ ወይም በፕላስቲክ ተደፍኗል ማለት ነው።

2ኛ፣ ክፍተቱን። በእንጨቶቹ መካከል ጨርቁ መታየት አለበት። ገበያ ላይ የሚገኘው በብዛት የእንጨቱ ወርድ 27 ሚሊ ሜትር፣ ክፍተቱ 13 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይኸውም ከሦስት እጅ አንድ እጁ ክፍት ነው። ክፍተቱ በጠበበ ቁጥር ድምፁ መግቢያ ያጣል።

3ኛ፣ አገጣጠሙን። በኮላ ብቻ የተያያዘ ቀን ሲቆይ ይላቀቃል። ከኋላ በብሎን ወይም በሽቦ ምስማር ጭምር የተያዘውን እንምረጥ። ሰሌዳውን ወለል ላይ አጋድመን በዐይን እንከተለው፤ የተጣመመ ካለ ይቅርብን።

4ኛ፣ ሰነዱን። የመምጠጥ ደረጃ ከኤ እስከ ኢ ይሰጣል፤ ኤ ከፍተኛው ነው። ሻጩ «ኤ ነው» ካለን፣ «እንዴት ተገጥሞ ሲለካ?» ብለን እንጠይቅ። ብዙ ጊዜ ይህ ደረጃ የሚገኘው ከጀርባው የአየር ክፍተትና ከድንጋይ ጭረት የተሠራ ሱፍ ሲኖር ነው። ምክንያቱም ጎርናና ድምፅ ሞገዱ ረጅም ነው። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ የወንድ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 3.4 ሜትር ይደርሳል፤ 9 ሚሊ ሜትር ጨርቅ ብቻውን አያቆመውም። ስለሆነም በቀጥታ ግድግዳ ላይ ከመለጠፍ ሞራሌ መትቶ፣ መሀሉን ሱፍ ሞልቶ መግጠም ይመረጣል።

5ኛ፣ እሳቱንና ሽታውን። ጨርቁም እንጨቱም ተቀጣጣይ ስለሆነ የእሳት ፍተሻ ወረቀቱን እንጠይቅ፤ ምድጃ አጠገብም አንግጠም። ኤምዲኤፍ ከሆነ ከኮላው የሚወጣው ፎርማልዴሃይድ ዐይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ «ኢ1» የሚል ደረጃ ያለውን እንምረጥ።

አናጢ የሚያሠራ ሰውም ከዚሁ መመሪያ አይውጣ። ባሕር ዛፍ በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራ እንደሚጣመም ሁላችንም እናውቃለን።

መ. ከመግዛት በፊት

ሰሌዳው የማይሠራውንም እንወቅ። የጎረቤት ቴሌቪዥን ድምፅ እንዳይገባ አያግድም። ያንን የሚያግደው ከባድ ግድግዳና ቀዳዳ የሌለው በር ነው። ሰሌዳው የሚያስተካክለው እዚያው ክፍል ውስጥ የተነሣውን ድምፅ ነው።

እንግዲህ ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ፈተና አለ። ሁለት ሦስት ጋቢና ብርድ ልብስ ከግድግዳው ፊት ለፊት ገመድ ላይ አንጠልጥሉና እንደ ወትሮው ተነጋገሩ። ንግግሩ ከጠራ ሰሌዳው ይጠቅማችኋል። የሚረብሻችሁ ድምፅ ካልተለወጠ ግን የሚመጣው ከውጭ ነውና ገንዘባችሁን ያዙ። ብዙ ጊዜም ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍና መጽሐፍ የሞላው መደርደሪያ ይበቃል።

ባልደረባችን ያንን ፕላስቲክ እንደ ጌጥ ትቶ፣ ከሱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ሞራሌ አስመትቶ ሱፍና ፌልት ያለበትን ሰሌዳ በአናጢ አሠራ። እናቱ አሁን ልጆቹ ሲያጠኑ ከሳሎን አይነሡም፤ እንዲያውም የተሳሳተ ንባብ ሲሰሙ ያርማሉ።

መልመጃ

1. የመማሪያ ክፍላችሁን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ለክታችሁ ባዶ ሲሆን የሚኖረውን የማስተጋቢያ ጊዜ አስሉ።
2. ክፍሉ በተማሪ ሲሞላ ጊዜው ለምን ያጥራል?
3. በአያቶቻችን ሣር ክዳን ጎጆም ሆነ አቡጀዲ ኮርኒስ ባለው ቤት ገደል ማሚቶ የማይሰማው ለምንድን ነው?
4. ወደፊት በምታስተምሩበት ክፍል ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ዝም ቢል፣ ሰነፍ ነው ከማለታችሁ በፊት ምን ትፈትሻላችሁ?