ክንዴ በልዟል፤ ባሌ ግን ንጹሕ ነው

ጥያቄ

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዕድሜዬ 36 ሲሆን ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው፤ አዛውንቶችን ሳጥብ፣ ሳነሳ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ሳዛውር እውላለሁ።

ወንዱን ልጄን ጂዩ ጂትሱ የሚባል የትግል ስፖርት አስመዝግቤው ዳር ተቀምጬ አየው ነበር። አንድ ቀን አሰልጣኙ «አንቺስ ለምን አትሞክሪውም?» አለኝ። እየሳቅኩ ገባሁበት፤ ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ። በሳምንት አራት ቀን እሄዳለሁ። እውነቱን ልንገርዎትና ወድጄዋለሁ። ከቤትና ከሥራ ውጭ የኔ የምለው ነገር ኖሮኝ አያውቅም ነበር።

ችግሩ ሰውነቴ ነው። ጠዋት ስነሳ ተቀጥቅጬ ያደርኩ ይመስለኛል። አንገቴ አልዞር ይለኛል፣ ጣቶቼ የውኃ ጠርሙስ መክፈት ያቅታቸዋል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ደግሞ በሽተኛ ሳነሳ ቀኝ ክርኔን ይወጋኛል። ይህን ሁሉ ተሰቃይቼም ለውጥ አላየሁም። በኪሎ በጣም የምታንሰኝ የ19 ዓመት ልጅ ደቂቃ ሳይሞላ ክንዴን ዘርግታ ትቆልፈኛለች። እጅ መስጠቴን ለማሳወቅ ታፕ ማድረግ ስለሚያሳፍረኝ ጥርሴን ነክሼ እስከ መጨረሻው እታገላለሁ።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ክንዴ በልዟል። ሰው እንዳያይብኝ በዚህ ሙቀት ረጅም እጅጌ እለብሳለሁ። በቅርቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነጠላዬ ሸርተት ሲል አንዲት የማኅበራችን ሴት አየችኝ። ለእኔ ምንም አላለችኝም። በሳምንቱ ግን አንድ ትልቅ ሰው ባለቤቴን ለብቻው ጠርተው «በቤታችሁ ሰላም ነው ወይ?» ብለው ጠየቁት። ባለቤቴ አንድም ቀን እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ያን ቀን ፊቱ ጠቁሮ ገባና «ከማታውቂው ወንድ ጋር መሬት ለመሬት እየተንከባለልሽ ስሜን አጠፋሽው፤ ተይው» አለኝ። እናቴም ከአዲስ አበባ እየደወለች «የልጆች እናት ሆነሽ ምን የሚሉት ድብድብ ነው?» ትለኛለች። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ጉልበቷ የዛለ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

እህቴ፣ አንድ ሕመም አድርገሽ የጻፍሽው ሦስት ነው። አንደኛው ሰውነትሽ እየለመደ ሲሄድ የሚያልፍ ነው። ሁለተኛው የክርንሽ ነው፤ እሱን መልመድ አያድነውም። ሦስተኛው የባልሽ ስም ነው። ሦስቱን ስላልለየሻቸው ነው ሁሉንም በመተው ልትገላገይ የፈለግሽው። ተራ በተራ እንያቸው።

ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የሚያስቀርሽ መቆራጠም የጀማሪ ሁሉ ዕጣ ነው። ያልለመደ ጡንቻ ድንገት ሲሠራ፣ በተለይም እየተለጠጠ ኃይል ሲያወጣ፣ ክሮቹ ላይ ጥቃቅን ጉዳት ይደርሳል። ሕመሙ በማግስቱ ይጀምርና ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ከዚያ በሳምንት ውስጥ ይለቃል። «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ ነው» የሚሉሽ ሰዎች ተሳስተዋል፤ እሱ ካረፍሽ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ይጠራል። ጡንቻ ያንኑ ሥራ በድጋሚ ሲሠራ ደግሞ ከመጀመሪያው ያነሰ ይጎዳል። ስለዚህ የሚያዋጣሽ ሳያቋርጡ በልክ መሥራት ነው።

ያንቺ ስህተት ልኩ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ስታነሺ የዋልሽበትን ክንድ በሳምንት አራት ማታ መልሰሽ ታሠሪዋለሽ፤ መቼ ይጠገን? ወደ ሁለት ቀን አውርጂው። በሁለቱ ቀናት መካከል ቢያንስ ሁለት ቀን ይለፍ፤ ከተቻለ ደግሞ በማግስቱ ከባድ ፈረቃ የሌለብሽን ማታ ምረጪ። አንገትሽና ጣቶችሽ ከሌላው የባሱትም ያለ ምክንያት አይደለም። ጀማሪ ትንፋሹን ያፍናል፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰበስባል፣ የባላጋራውን ልብስ ጨምድዶ ይዞ አይለቅም። ስትታገይ ትንፋሽሽን በአፍሽ አውጪ፤ የያዝሽው እጅጌ ወይም ኮሌታ የማይጠቅምሽ ከሆነ ልቀቂው። የጣትሽ ሕመም በጉልህ ይቀንሳል።

በጾም ወራትም ሰውነትሽን አስቢለት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበዪ ሠርተሽ ማታ ወደ ልምምድ ምንጣፉ ከሄድሽ፣ በመሐሉ ምስር ወይም ሽሮ በልተሽ፣ በቂ ውኃ ጠጥተሽ ይሁን። ያን ቀን ቴክኒኩን ተለማምደሽ ከባዱን ትግል ብትተዪው ማንም አይቀየምሽም። ኢቡፕሮፌን የመሰለ የሕመም ማስታገሻ በባዶ ሆድ መዋጥም ለጨጓራ አይበጅም።

አሁን ወደ ክርንሽ። የጡንቻ ድካም ሦስት ሳምንት ሙሉ በአንድ ነጥብ ላይ አይወጋም። አርምባር የሚባለው ቁልፍ ክንድን ዘርግቶ ክርንን ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ ይገፋል። ጥርስሽን ነክሰሽ ስትቆዪ የሚለጠጠው ጅማትሽ ነው፤ ጅማት ደግሞ የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለሆነ ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዢ፤ እስኪታይም ክርንሽን ለቁልፍ አትስጪ። ለአሰልጣኙም ሆነ አብራሽ ለምትሠራው ልጅ ትምህርቱ ሳይጀመር «ቀኝ ክርኔን ተጠንቀቁልኝ» በያቸው። እንጀራሽ በዚያ ክንድ ነው።

ሌሎችም ችላ የማይባሉ ምልክቶች አሉ። መገጣጠሚያ «ቋ» ብሎ ቢያብጥ፣ ጉልበት ሲረግጡበት ቢከዳ፣ ከአንገት ጀምሮ እጅ ቢደነዝዝ ወይም ቢነዝር፣ ጎድን በእያንዳንዱ ትንፋሽ ቢወጋ፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ቢያስታውክ ሐኪም ይየው። ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ጡንቻ ተሰባብሮ ኩላሊትን እየጎዳ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።

ቆዳሽንም ጠብቂ። በምንጣፍ ላይ ጭርት በቀላሉ ይተላለፋል። ከልምምድ እንደወጣሽ ታጠቢ፣ ልብሱን ሳታጥቢ ደግመሽ አትልበሺ፣ ጥፍርሽን ቁረጪ። ክብ ቀይ ሽፍታ ወይም መግል የቋጠረ ቁስል ካየሽ እስኪታከም ምንጣፉ ይቅርብሽ፤ በሥራ ቦታም ለኃላፊሽ ንገሪ። ቆዳቸው የሳሳ፣ አቅማቸው የደከመ አዛውንቶችን በእጅሽ ስለምትነኪ ጥንቃቄሽ ከሌላው ሰው እጥፍ መሆን አለበት።

«ለውጥ አላየሁም» ያልሽው ከዚሁ ከታፕ ጋር የተያያዘ ነው። የዚህን ስፖርት ታሪክ ጥቂት ልንገርሽ። ሚትሱዮ ማዬዳ የሚባል ጃፓናዊ የጁዶ ሰው እ.ኤ.አ. በ1914 ብራዚል ገባ፤ ካርሎስ ግሬሲ የተባለ ወጣት ትምህርቱን ከማዬዳ ወገን ቀስሞ ለወንድሞቹ አስተላለፈ። ትንሹ ወንድም ኤሊዮ ሰውነቱ ቀጭን ነበርና ከጉልበት ይልቅ ማዕዘንንና ክብደትን መጠቀም ላይ አተኮረ። የኤሊዮ ልጅ ሮይስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1993 ዴንቨር ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው ዩ ኤፍ ሲ የተባለ የፍልሚያ ውድድር፣ 80 ኪሎ ገደማ ሆኖ ከእሱ የከበዱ ሦስት ሰዎችን በአንድ ምሽት አሸነፈ። የመጀመሪያው ተጋጣሚው ቦክሰኛው አርት ጂመርሰን፣ ሮይስ ደረቱ ላይ ተቀምጦበት መውጫ ሲያጣ አንገቱም ክንዱም ሳይያዝ ታፕ አድርጓል። ታዲያ ቀለል ያለችው ልጅ ስታሸንፍሽ ትምህርቱ መሥራቱን እያየሽ ነው። ስፖርቱ ለእሷ ዓይነት ሰው የተቃኘ ነው፤ ውሎ አድሮ ላንቺም ያገለግልሻል።

ታፕ ማድረግ የልምምዱ አካል ነው። ቶሎ ታፕ ያደረገ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ አራት ጊዜ ይጀምራል፤ አራት ጊዜም ይማራል። ጥርሱን የነከሰ አንዴ ይሸነፍና ሦስት ሳምንት ክርኑን ያሻል። ክንድሽ ሊዘረጋ መሆኑን እንዳወቅሽ፣ ሕመሙ ሳይመጣ፣ በእጅሽ መታ መታ አድርጊ። እጅሽ ከተያዘ በአፍሽ «ታፕ» በይ። ከዚያ ልጅቷን «የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ብለሽ ጠይቂያት። ከጀማሪ ነጭ ቀበቶ እኩዮችሽ ጋር ተፋጥጠሽ ከምታገኚው ይልቅ ከእሷ መልስ ብዙ ታተርፊያለሽ።

በሁለት ወር ማሸነፍን መለኪያ ማድረግ ራስን መበደል ነው። ከነጭ ወደ ሰማያዊ ቀበቶ መሻገር ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል። በዓለም አቀፉ የብራዚል ጂዩ ጂትሱ ፌዴሬሽን መደበኛ ደንብ አንድ አዋቂ በሰማያዊ ቢያንስ 2 ዓመት፣ በሐምራዊ 1 ዓመት ከ6 ወር፣ በቡናማ 1 ዓመት መቆየት አለበት፤ ጥቁሩን የሚታጠቁት በአብዛኛው ወደ አሥር ዓመት ገደማ ደክመው ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶች። ላሁኑ ራስሽን የምትጠይቂው ይህን ነው፦ ያለሁበት አቋም ጋርድ ነው፣ ማውንት ነው ወይስ ሳይድ ኮንትሮል? ከሥር ሆኜ ክርኖቼን ወደ ጎድኔ ሰብስቤያለሁ? ዳሌዬን አሽሽቼ አንድ ጊዜ እንኳ ወጥቻለሁ? የተሸነፍኩበትን ምክንያት መናገር እችላለሁ? ባለፈው ወር በአንድ ደቂቃ የተቆለፍሽ ዛሬ ሦስት ደቂቃ ከቆየሽ ተሻሽለሻል። ልጅቷም በዚያው ሁለት ወር እየተማረች ስለሆነ በእሷ ብቻ ስትለኪ የራስሽ ለውጥ አይታይሽም።

የባልሽ ነገር ይቀረናል። ሰውዬው ማዘኑ ተገቢ ነው፤ ባልሠራው ተጠርጥሯል። ጥርጣሬውን ያመጣው ግን ስፖርቱ አይደለም። የተደበደበች ሴት የምታደርገውን ሁሉ አድርገሻል፦ በሙቀት ረጅም እጅጌ፣ ጥብቅ ያለ ነጠላ፣ ዝምታ። ያየችሽ ሴትና የጠየቁት አዛውንት አልበደሏችሁም። በሴት ክንድ ላይ ሰንበር አይቶ ዝም የማይል ማኅበር ሊመሰገን ይገባዋል፤ ዝም ስለተባለ የተቀበሩ እህቶች አሉን። ስለዚህ ከባልሽ ጋር ሆናችሁ አዛውንቱ ዘንድ ሂዱ። አንቺው ተናገሪ፣ ስለ ጠየቁም አመስግኚያቸው። ከዚያ በኋላ አጭር እጅጌሽን ልበሺና የጠየቀሽን ሁሉ «ጂዩ ጂትሱ ጀምሬ ነው» በይው። የተገለጠ ነገር ሐሜት አይሆንም። ምንም ሳይነካሽ የሚበልዝ ቦታ ካየሽ ግን ደምሽን ተመርመሪ።

ከወንድ ጋር መታገልሽ ከነከነውም አትቆጪው፣ ከእሱም አትደብቂው። አንድ ማታ መጥቶ ልጃችሁን በምታዪበት ወንበር ላይ ይቀመጥና ይመልከት። ከማን ጋር እንደምትታገይ የመምረጥ መብት አለሽ፤ ካልተመቸሽ ሰው ጋር «አመሰግናለሁ፣ ይህን ዙር ልረፍ» ማለት በቂ ነው። ከሴቶች ጋር ብቻ ለመሥራት ብትወስኚም አሰልጣኙን ጠይቂው። እንዴት እንደሚሻል ሁለታችሁ ተነጋገሩ፤ ደግሞም አራቱን ማታ ሁለት ስታደርጊው ለቤትሽ ሁለት ማታ ትመልሻለሽ። ለእናትሽ ቡጢም ርግጫም እንደሌለበት ንገሪያትና የልጅሽን ቪዲዮ ላኪላት። የልጅ ልጇን ስታይ ቁጣዋ ይበርዳል።

ይህን አምድ ከምታነቡ እህቶች መካከል ክንዷ በስፖርት ሳይሆን በሰው እጅ የበለዘ ካለች፣ አሜሪካ ውስጥ ሌትም ቀንም የሚሠራው የቤት ውስጥ ጥቃት የእርዳታ መስመር 1-800-799-7233 ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

አንቺ ግን አትተዪው። ክርንሽን አሳዪ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሂጂ፣ ቶሎ ታፕ አድርጊ። ስድስት ወር ሲሞላሽ መቀጠልሽን ወይም ማቆምሽን ያን ጊዜ ወስኚ፤ ዛሬ በታመመ ክርንና በተቀየመ ባል መሐል ሆነሽ የምትወስኚው ውሳኔ ትክክለኛ አይሆንም።