ስለ ድንጋይ መለዋወጥ፤ በግሸን አምባ ዙሪያ ለሚያስተምሩ መምህራን

የግሸን አገር ልጅ ስለ ድንጋይ ሳይማር ድንጋይን ያውቃል፤ ቤቱ በድንጋይ የተካበ፥ የአባቱም እርሻ በድንጋይ እርከን የተደገፈ ነውና። ስለዚህ መምህሩ ትምህርቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብ ሥሎ አይጀምር፤ ልጆቹን ወደ ደጅ አውጥቶ አምባውን ያሳያቸው። ነገር ግን ከገደሉ ሥር አያስጠጋቸው፤ በክረምት የረጠበ ገደል ድንጋይ ይለቃልና ከሩቅ ማየት ይበቃል።

የአምባው ድንጋይ የሥነ ምድር ሊቃውንት ባዛልት የሚሉት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድር ተሰንጥቃ የቀለጠ ድንጋይ እንደ ጎርፍ እየፈሰሰ አብዛኛውን የሰሜን ደጋ አለበሰው። አንዱ ከረጋ በኋላ ሌላው በላዩ ስለ ፈሰሰ ገደሉ እንደ ደረጃ ይታያል። በእንደዚህ ያለ ገደል አልፎ አልፎ በሁለት ጥቁር ድንጋዮች መካከል ቀይ አፈር ይገኛል፤ ይኸውም የታችኛው ፍሳሽ በርዶ፥ ለብዙ ዘመን በዝናብና በፀሐይ ወደ አፈርነት ከተለወጠ በኋላ፥ የላይኛው ደርሶ እንደ ሸክላ የተኮሰው ነው። ልጁ ይህን አንድ ነገር ካስተዋለ የትምህርቱን እኩሌታ ይዟል።

ዝናብ፥ ውርጭና የዛፍ ሥር የሚፈረካክሱትን ውኃ ይወስደዋል። ከወሎ ደጋ ከፊሉ ውኃ በበሽሎ ወደ ዓባይ፥ ከፊሉም በሚሌ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ ደለሉን በአፋር ዝቅተኛ ምድር ጥሎ ይቀራል። ደለል በደለል ላይ ሲከመርና ሲጨመቅ ድንጋይ ይሆናል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይን በረሃ የወረደ ሰው ከጥቁሩ ድንጋይ በታች የአሸዋና የኖራ ድንጋይ ተነባብሮ ያያል፤ በኖራውም ውስጥ የባሕር ዛጎል አለ፥ ያ ስፍራ በጥንት ዘመን ባሕር ነበረና። የኖራ ድንጋይ በምድር ጥልቅ ሙቀትና ክብደት ሲጫነው ሳይቀልጥ እብነ በረድ ይሆናል፤ በመተከል የሚቆፈረው ለዚህ ምሳሌ ነው። ሙቀቱ ከዚያ ከበለጠ ይቀልጣል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መሥመር ቅልጥ ድንጋይ ከሥር ገብቶ ምድርን ሰነጠቃት።

ይህን ሁሉ በጧፍ ቁራጭ ማሳየት ይቻላል። ሰሙ በቢላዋ ተፍቆ ፍቅፋቂው በመዳፍ ሲጨመቅ የደለል ድንጋይ፤ ያው ሞቅ ብሎ አጥብቆ ሲታሽ የተለወጠ ድንጋይ፤ ቀልጦ በቀዝቃዛ ውኃ ላይ ሲፈስስ የእሳት ድንጋይ ይመስላል። መምህሩ ሰሙን እንደ ገና ፍቆ ያሳያቸው፤ ድንጋይ ሁሉ በተራ አይሄድምና፥ እብነ በረዱም ሳይቀልጥ ተመልሶ ደለል ሊሆን ይችላል። ክቡን ከሰሌዳ ላይ ብቻ ያጠና ልጅ ይህን አይረዳም።

አምባው የመስቀል ቅርጽ ስላለው «ዝናብ ነውን የቀረጸው?» የሚል ልጅ አይታጣም፤ ሽማግሌውም መልሱን ያዳምጣል። መምህሩ አይሸሽ፥ አያፊዝም። ድንጋዩን ውኃና ዘመን እንደ ጠረቡት በግልጥ ይናገር። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ ወደ አምባው እንደ ገባ የሚነገረውን፥ ስፍራው ስለ ምን እንደሚከበርም፥ ካህናቱ ያስተምሩ። ድንጋይ እንዴት እንደ ተጠረበና ስፍራ ስለ ምን እንደ ተቀደሰ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለቱን ማጋጨት ልጁን ከመምህሩ ወይም ከአባቱ ይለየዋል።

ከዚህ በኋላ ልጆቹ በጠርሙስ የጎርፍ ውኃ ቀድተው ያሳድሩት፤ በማለዳም ከሥሩ የዘቀጠውን ጭቃ በጣታቸው ይለኩ። ሽማግሌዎችም በልጅነታቸው እርሻ የነበረውን፥ ዛሬ ግን ድንጋይ ብቻ የቀረበትን ቦታ ያመልክቷቸው። የሚቀጥለው ትምህርት በዚያ ቦታ ይሁን።