ማዮማ ሌላ፥ የማኅፀን በር ሌላ

አንዲት የአርባ ዓመት እናት ከአንገር ጉቲን ተነሥታ ነቀምቴ ሐኪም ቤት መጣች እንበል። የወር አበባዋ በዝቶባታል፤ በአልትራሳውንድ ማዮማ ታይቶባታል፤ ከማኅፀን በሯ የተወሰደው የፓፕ ስሚር ናሙና ደግሞ የተለወጡ ሕዋሳት ተገኝተውበታል። ብዙዎቻችን «ማዮማው ያመጣው ነው» ለማለት እንቸኩላለን። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ማዮማ ከማኅፀን ጡንቻ የሚበቅል ዕጢ ነው፤ ካንሰርም አይደለም። ፓፕ ስሚር ግን የሚመረምረው የማኅፀን በርን ሕዋሳት ነው። እነዚህን ሕዋሳት ለካንሰር በሚያሰጋ መንገድ የሚለውጣቸው በአብዛኛው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው፤ ከዓይነቶቹ 16ኛውና 18ኛው ብቻ 70 በመቶ ያህሉን የማኅፀን በር ካንሰር ያስከትላሉ። እንግዲህ አንዲት ሴት ሁለቱም ችግር ቢገኝባት፥ ሁለቱንም ለየብቻ መከታተል ይገባናል።

ውጤቱን እንዲህ እናንብብ፦

1ኛ/ ናሙናው በደም ተሸፍኖ ካልተነበበ «ጤነኛ ናት» ማለት አይደለም፤ ምርመራው ይደገማል። ማዮማ ደም ስለሚያበዛ ይህ ሊያጋጥም ይችላል።

2ኛ/ ለውጡ ቀላል ከሆነ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ ሆኖም በቫይረስ ምርመራና በክትትል ይረጋገጣል።

3ኛ/ ለውጡ ከባድ ከሆነ በሩ በኮልፖስኮፕ ይታያል፤ ናሙና ሥጋም ይወሰዳል።

4ኛ/ የተለወጡት ፈሳሽ አመንጪ ሕዋሳት ከሆኑና ሴትዮዋ 35 ዓመት ከሞላት፥ የማኅፀኑ የውስጥ ሽፋን ጭምር ይመረመራል።

በብዙ የአገራችን ጤና ተቋማት ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች የሚመረመሩት በአሴቲክ አሲድ ወይም በቫይረስ ምርመራ ነው። በዚያም ሕጉ አንድ ነው፤ «ፖዚቲቭ» ማለት ካንሰር ማለት አይደለም፤ ማዮማ መኖሩም ውጤቱን ችላ አያሰኝም።

በተለይ ለማዮማ ሲባል ማኅፀን ከመውጣቱ በፊት የበሩ ጉዳይ መለየት አለበት። በበሩ ላይ ካንሰር ተደብቆ ከሆነ፥ ለማዮማ የታሰበው ቀዶ ሕክምና አይበቃውም፤ ማኅፀኑ ወጥቶ በሩ ቢቀር ደግሞ አደጋው በቦታው ይቆያል።

ለዚያች እናት ሁለተኛ ጉዞ ማለት የመኪና ዋጋና የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ወረቀት ሰጥተን ብቻ አናሰናብታት፤ «እትዬ፥ ካንሰር አለብዎት ማለታችን አይደለም፤ ግን ማዮማው ብቻ ነው ብለው ሳይመለሱ እንዳይቀሩ» ብለን እናስረዳት። ከትምህርታችን ለእርስዋ የሚተርፋት ይህ ቃል ነው።