የግቢ ፓውዛ በወር ስንት ይቆጥራል?

የሰፊ ግቢ የጥበቃ መብራት ወጪ በሦስት ቁጥሮች ይገመታል፤ መብራቶቹ በጠቅላላ የሚስቡት ኃይል፣ በርተው የሚያድሩበት ሰዓትና የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ። በአዳማና በሞጆ መጋዘኖች፣ በከባድ መኪና ማቆሚያዎች፣ በባቱ የአበባ እርሻዎች ግምቱን ከታሪፉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያዛባው የመጀመሪያው ቁጥር ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከምሰሶ ምሰሶ እየዞሩ በመቁጠር ነው። የእያንዳንዱ ፓውዛ ዓይነትና ዋት ይመዘገባል። ባለ 400 ዋት የሶዲየም አምፖል 400 ዋት ብቻ አይስብም፤ ባላስቱ የሚበላው ሲጨመር 440 ዋት ገደማ ይደርሳል። ኤልኢዲ ከሆነ መወሰድ ያለበት በመብራቱ ጀርባ የተጻፈው ዋት ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚታተመው ቁጥር አንዳንዴ ኤልኢዲው የሚተካውን የድሮ አምፖል ዋት ስለሚያመለክት አይታመንም።

ቀጥሎ ሰዓቱ ይያዛል። አዳማ ለምድር ወገብ ስለሚቀርብ የሌሊቱ ርዝመት ብዙም አይለዋወጥም፤ በሰኔ 11 ሰዓት ተኩል፣ በታኅሣሥ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ለዓመታዊ በጀት 12 ሰዓት ይበቃል። ሲመሽ መብራቱን የሚያበራ፣ ሲነጋ የሚያጠፋ ፎቶሴል ባለበት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የስምጥ ሸለቆ የበጋ አቧራ ፎቶሴሉን ሲሸፍነው መብራቱ ማታ ቀድሞ ይበራል፣ ጠዋትም ዘግይቶ ይጠፋል፤ ሲብስም ቀኑን ሙሉ በርቶ ይውላል። አንድ የሶዲየም ፓውዛ ለአንድ ወር ቀን ቀን ሲበራ ቢውል 158 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል በከንቱ ያስቆጥራል። ፎቶሴሉን በየጊዜው በጨርቅ መጥረግ ምንም የማያስወጣ፣ ግን ከሁሉ የሚዘነጋ ሥራ ነው።

ለምሳሌ 20 ባለ 400 ዋት ሶዲየምና በአጥሩ ዙሪያ 30 ባለ 50 ዋት ኤልኢዲ ያሉት ግቢ ይወሰድ። ሶዲየሞቹ 20 × 440 = 8,800 ዋት፣ ኤልኢዲዎቹ 30 × 50 = 1,500 ዋት፣ በድምሩ 10.3 ኪሎ ዋት ይስባሉ። ይህ በ12 ሰዓት ሲባዛ በአንድ ሌሊት 123.6፣ በ30 ቀን 3,708 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ሶዲየሞቹ በባለ 150 ዋት ኤልኢዲ ቢተኩ የወሩ ፍጆታ ወደ 1,620 ይወርዳል።

ዋጋው ከቅርብ ጊዜው ቢል ላይ ይወሰዳል። ከመስከረም 2017 ወዲህ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየተስተካከለ ስለሆነ የዓምናው ቢል አያገለግልም። የንግድና የኢንዱስትሪ ታሪፍ ስለሚለያይም ቆጣሪው በየትኛው ምድብ እንደተመዘገበ መታየት አለበት። ለስሌት እንዲመች አንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 5 ብር ቢባል፣ 3,708ቱ 18,540 ብር ይመጣል፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመርበት 21,321 ብር። ወርሃዊ የአገልግሎት ክፍያና በኢንዱስትሪ ቢል ላይ የሚታይ የከፍተኛ ኃይል ክፍያ ካለ ለየብቻ ይጨመራል።

ግምቱ በቆጣሪው ሳይፈተሽ በጀት ላይ ባይገባ ይመረጣል። ሌላ ማሽን በማይሠራበት ሌሊት ምሽት 12 ሰዓትና ጠዋት 12 ሰዓት ንባቡ ይያዛል፤ ልዩነቱ የሌሊቱ ፍጆታ ነው። በትልልቅ ግቢዎች ቆጣሪው በሲቲ (በከረንት ትራንስፎርመር) በኩል ስለሚገናኝ ንባቡ ብዙውን ጊዜ መባዛት አለበት። ሲቲው 100/5 ከሆነ ማባዣው 20 ነው፤ ቆጣሪው 6.18 ብቻ ቢንቀሳቀስ እውነተኛው ፍጆታ 123.6 ነው። ንባቡ ከግምቱ በብዙ ከበለጠ ከመብራቱ መስመር ላይ የተቀጠለ ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ የጥበቃ ቤት ምድጃ ወይም የውኃ ፓምፕ፣ መኖሩ ይፈተሻል።

መብራት ሲጠፋ ግቢው በጄኔሬተር የሚያድር ከሆነ እነዚያ ሰዓታት ከቆጣሪው ስሌት ተቀንሰው በነዳጅ ይሰላሉ። በደንብ የተጫነ የናፍጣ ጄኔሬተር በሊትር 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያመነጫል፤ ለጥቂት ፓውዛ ብቻ የተነሣ ትልቅ ጄኔሬተር ግን ከዚያ በእጅጉ ያንሳል።