ስለ ሸክላ ማጫወቻ አመራረጥ



በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ሸክላ ማጫወቻ መኪና ለመጻፍ ያሰብኩት አንድ ሸክላ በእጄ ስለ ጠፋ ነው። ጠፋ ስል ተሰበረ ማለቴ አይደለም፤ ሸክላው አለ፥ ነገር ግን አይዘፍንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲሠሩ የገዟቸው አሥራ አንድ ትናንሽ ሸክላዎች፥ አዲስ ዘመን ከጣራ ገዳም ሥር ባለው ቤታቸው በጣውላ ሣጥን ተቀምጠው ይኖሩ ነበር። እኔና አንድ ጓደኛዬ ከነዚህ ሸክላዎች ጥቂት ጥቂት ድምፅ ቆርጠን በኮምፒዩተር አዲስ ሙዚቃ ለመሥራት ተመኘን። ይህንንም ሙዚቀኞች «ሳምፕል» ይሉታል። ገንዘባችንን አዋጥተን ያገለገለ የሻንጣ ማጫወቻ በርካሽ ገዛን። ክንዱ ከባድ፥ መርፌውም ያረጀ ነበር። ሦስት ጊዜ ካጫወትን በኋላ በመርፌው ጫፍ ላይ ጥቁር ትቢያ ተጠራቅሞ አየን። ያ ትቢያ ዘፈኑ ራሱ ነበር።

ሸክላ በአገራችን ሙዚቃ ረጅም ዕድሜ አለው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር በሄዱ ጊዜ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ይሁን እንጂ ዛሬ ብዙ ሰው የሚፈልጋቸው የአምሃ እሸቴን ሸክላዎች ነው። አምሃ ድርጅታቸውን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 አቋቁመው በአለማየሁ እሸቴ ዘፈን ጀመሩ፤ እስከ 1975 ድረስም ከመቶ የሚበልጡ ትናንሽ ሸክላዎችን በውጭ አገር እያሳተሙ አወጡ። ከዚያ በኋላ ካሴት መጥቶ ሸክላን ከገበያ አስወጣው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኤትዮፒክስ» በተባሉት ሲዲዎች ብዙዎቹን ዜማዎች ለዓለም አሰሙ። ናስና ዴሚያን ማርሊ የተባሉት ዘፋኞችም በ2010 ባወጡት ሥራ ከሙላቱ አስታጥቄ «የገሌ ትዝታ» ድምፅ ቆርጠው ተጠቅመዋል። እንግዲህ የእኛ ምኞት ከንቱ አልነበረም፤ ያጠፋነው በመሣሪያው ምርጫ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ መታየት ያለበት መርፌው ነው። ስሙ ሸክላ ይባላል እንጂ ጭቃ የለበትም፤ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የጥንቱ ዓይነት ከሼላክ ሙጫ፥ በ45 እና በ33 ተኩል ሊሞላ ጥቂት በቀረው ፍጥነት የሚዞረው ደግሞ በአብዛኛው ከቪኒል የተሠራ ነው። የጥንቱ ቦይ ሰፊ ስለሆነ የመርፌው ጫፍ ከአዲሱ በሦስት እጥፍ ገደማ ይወፍራል። በብዙ አሮጌ መኪናዎች ላይ ሁለቱም መርፌዎች ጀርባ ለጀርባ ተያይዘው ስለሚገኙ፥ ሳያስተውሉ የ78ቱን በ45ቱ ላይ ያሳረፉ እንደሆነ የቦዩን ግድግዳ ይፈጫል። ቀጥሎ ክንዱ ከኋላው የሚዞር ክብደት ያለው መሆኑን ተመልከቱ። በዚያ ክብደት የመርፌውን ጫና ለማዳመጥ ወደ ሁለት ግራም ገደማ ማውረድ ይቻላል። ይህ ክብደት የሌለውን መኪና፥ ነጋዴው ምንም ያህል ቢያሞግሰው፥ አትግዙ።

ሁለተኛው ነገር የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው፤ ይህንንም የፊዚክስ ትምህርታችን ያስረዳናል። ከሻንጣው በኋላ አንድ ዘመዳችን ከአሜሪካ አሮጌ ማጫወቻ ላኩልን። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ሲሆን የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን በትራንስፎርመር አወረድነው፤ ትራንስፎርመር ግን ኸርዙን አይለውጥም። ፍጥነቱ በኸርዝ የሚወሰን ሞተር በ45 ፈንታ በ37 ተኩል ይዞራል። አያቴ ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፥ «ልጄ፥ አለማየሁን ምን ነካው? አሞታል እንዴ?» አሉኝ። ድምፁ ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ወርዶ ለቅሶ መስሎ ነበርና። ስለዚህ በሸክላው ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት አድርጋችሁ፥ በአንድ ደቂቃ 45 ጊዜ ማለፉን በሰዓት ቁጠሩ። ይህ ምርመራ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሸክላውን በእጅ ወደፊትና ወደኋላ እየገፉ ድምፅ ለሚያወጡ፥ ማለት ለ«ስክራች»፥ ሌላ መኪና ያስፈልጋል። ይህን ጥበብ በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒውዮርክ ብሮንክስ ያስገኘው ግራንድ ዊዛርድ ቴዎዶር የተባለ ልጅ ነው ይባላል፤ እናቱ ሙዚቃውን ቀንስ ሲሉት ሸክላውን በእጁ ይዞ ሳለ ድምፁን ሰማው። (ስሙ የደብረ ታቦርን ልጅ ፈገግ ያሰኛል።) ለዚህ ሥራ ሳህኑን በቺንጋ የሚያዞር መኪና አይሆንም፤ ቺንጋው ይንሸራተታል፥ ፍጥነቱንም ለመመለስ ይዘገያል። ሞተሩ በቀጥታ ከሳህኑ ሥር የሆነውን መምረጥ ይገባል። የታወቀው በ1972 የወጣው የጃፓን ቴክኒክስ 1200 ሲሆን ዋጋው ለተማሪ አይቀመስም፤ እንደ ኦዲዮ ቴክኒካ 120 ያለው ግን በርከት ያለ ብር የሚያስቀር ነው፥ ድምፁንም በገመድ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባል።

በእኔ አስተያየት ግን ተማሪ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ባይሻ ይሻላል። ስክራች መርፌውን በሦስትና በአራት ግራም ስለሚጫን፥ የአባቶችን ሸክላ ለዚህ ማቅረብ የዘር እህል እንደ መፍጨት ነው። አስቀድሞ ቀላል ክንድ ባለው መኪና ዘፈኑን አንድ ጊዜ ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት፤ ከዚያ በኋላ መፋቅ የፈለገ የጊዜ ምልክት ብቻ የተቀረጸበትን ሸክላ ገዝቶ፥ በእርሱ አማካይነት ኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን ድምፅ ይፋቅ።

እኛም አሁን የቺንጋ መኪና ተውሰን ከአሥሩ ሸክላዎች ስድስቱን ቀድተናል። አሥራ አንደኛውን አያቴ ከሣጥኑ አላወጡትም፤ ከሌሎቹ ጋር እንደ ነበረ በቦታው አኑረውታል።