ከገድል ወደ ቴሌቪዥን

በሱዳን ድንበር ባለችው መተማ ዮሐንስ አንድ ተማሪ «የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ አጥንቼ በቴሌቪዥን ማቅረብ እፈልጋለሁ» ቢል፣ መንገዱን ደረጃ በደረጃ እናሳየው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንያዛቸው።

መጀመሪያ ምንጩን ማንበብ። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 የታተመውን መጽሐፋቸውን ሲያዘጋጁ ከ1270 እስከ 1527 ያለውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ግንኙነት መርምረዋል። ከዋና ምንጮቻቸው መካከል የቅዱሳን ገድላት ነበሩ። ገድል የሚጻፈው ቅዱሱን ለማክበር እንጂ ለታሪክ ተመራማሪ ተብሎ አይደለም። ስለዚህ አንባቢው በተአምራቱ መካከል የንጉሡን ስም፣ የገዳሙን ርስት፣ የመነኮሳቱን ጉዞ እየለቀመ ከሌሎች መዛግብት ጋር ያስተያያል። ግእዝ ሳይማሩ ይህ አይሞከርም።

ቀጥሎ መናገር። እንግሊዛዊው ማይክል ዉድ በኦክስፎርድ የአንግሎ ሳክሰንን ዘመን ሲያጠኑ ምርምሩን ሳይጨርሱ ወደ ጋዜጠኝነት ገቡ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያንኑ ዘመን በቴሌቪዥን አቀረቡ፤ በ2005 ደግሞ የንግሥተ ሳባን ታሪክ ተከትለው ወደ እኛም አገር መጡ። ዩኒቨርሲቲ የተመለሱት በ2013 ሲሆን፣ ማንችስተር ላይ ታሪክን ለሕዝብ የማቅረብ ትምህርት ፕሮፌሰር ሆኑ። ልጁ ይህን ቅደም ተከተል እንዲከተል የሚመክር ወላጅ ብዙም አይገኝም።

አሁን ካሜራውን መተማ እናቁመው። የፕሮግራሙ አዘጋጅ መጀመሪያ የሚፈልገው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁበትን የ1889ኙን ጦርነት ነው። ያ ግን መካከለኛው ዘመን አይደለም። ለተማሪያችን የሚሆነው ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የጻፈው ነው። እንደ እሱ ጽሑፍ፣ ከኑቢያ፣ ማለትም ከዛሬዋ ሱዳን ምድር፣ የመጡ ክርስቲያኖች ዐፄ ልብነ ድንግልን ካህናት እንዲልኩላቸው ለመኑ። ንጉሡም እሳቸው ራሳቸው ጳጳስ የሚያገኙት ከእስክንድርያ መሆኑን ነግረው ባዶ እጃቸውን መለሷቸው። ከድንበሩ ማዶ የነበረው ክርስትና ካህን አልቆበት ሲዳከም የምናየው በዚህ አጭር ወሬ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መልእክተኞቹ በመተማ በኩል አለፉ ማለት ከጽሑፉ አይወጣም። ስለዚህ ተማሪው ካሜራው ፊት «ኑቢያ ከዚህ በስተ ሰሜን ምዕራብ ነበረች፤ ከዚያ የመጡ ሰዎች ካህን ለመኑ» ይበል። አዘጋጁ «በዚህች መንገድ ተጉዘው» የሚል እንዲጨመር መጎትጎቱ አይቀርም፤ ተማሪያችን እንቢ ማለትን አሁኑኑ ይለማመድ።