ፋኖስና ኮምፓስ፤ ዋሻ እንዴት ተለካ?



ከዋሻ የወጣን ሰው «ምን ያህል ርቀህ ገባህ?» ብንለው የሚነግረን የድካሙን ያህል ነው። በጨለማ ተጎንብሶ የተሄደ መቶ ሜትር በሜዳ ከተሄደ ኪሎ ሜትር ይከብዳል። ሰውየው ዋሽቶ አይደለም፤ ጨለማ ግምትን ስለሚያዛባ ነው። ስለዚህ ዋሻን ለማወቅ ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው መንገድ የሚያሳይ ብርሃን ነው። ሁለተኛው የታየውን በልክ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው።

በዚህ ትምህርት የቀድሞ ሰዎች በምን መብራት እየሄዱ በምን መሣሪያ እንደለኩ፣ ልካቸውም እስከ ፍርድ ቤት ደርሶ የሰውን መብት እንዴት እንዳስከበረ እንመለከታለን። ምሳሌያችንን የምንወስደው በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት ከሚገኘው ከማሞዝ ዋሻና ከአካባቢው ነው። ማሞዝ እስካሁን ከተለኩት የዓለም ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ/ መብራቱ

ወደ ማሞዝ ዋሻ መጀመሪያ የገቡት የአገሩ ቀደምት ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ ያበሩ የነበረውም የሸምበቆ ችቦ ነው። የችቦአቸው ቁራጭ ከሁለት ሺህ ዓመታት በኋላ እንኳ በዋሻው ውስጥ ተገኝቷል። በ19ኛው መቶ ዘመን ጎብኚዎችን ይመሩ የነበሩት ሰዎች ደግሞ በስብ የሚነድ ኩራዝ ይይዙ ነበር። የእነዚህ ሁሉ ችግር ብርሃናቸው ደካማ፣ ጭሳቸው ብዙ መሆኑ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከካርባይድ ነው። በ1892 ቶማስ ዊልሰን የተባለ ካናዳዊ ኖራንና የከሰል ዝፍትን በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲያግል ካልሲየም ካርባይድ በብዛት የሚመረትበትን መንገድ አገኘ። በ1900 ፍሬድሪክ ባልድዊን የተባለ አሜሪካዊ በካርባይድ ለሚሠራ ትንሽ መብራት የፈጠራ መብት ተሰጠው። መብራቱ በመጀመሪያ ለቢስክሌት፣ ቀጥሎም ለማዕድን ቆፋሪዎች ዋለ። ከቆፋሪዎች ቆብ ላይ ወደ ዋሻ አጥኚዎች ቆብ ለመሸጋገር ጊዜ አልፈጀበትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መብራቱ በጭብጥ የሚያዝ የነሐስ ዕቃ ሆኖ ሁለት ክፍል አለው። በላይኛው ውኃ፣ በታችኛው ግራጫ ጠጠር የሚመስለው ካርባይድ ይሞላል። ከላይ ያለችው ትንሽ እጀታ ስትዞር ውኃው ጠብ ጠብ እያለ በካርባይዱ ላይ ይወርዳል። ሁለቱ ሲገናኙ አሴትሊን የተባለ ጋዝ ይወጣል። በየጋራዡ ብረት ሲበየድ ያየ ሰው ይህን ጋዝ ያውቀዋል፤ ነጭ ሽንኩርት የሚመስለው ሽታም ለአፍንጫው እንግዳ አይሆንበትም። ጋዙ የመርፌ ቀዳዳ በምታህል አፍ ይወጣና በሚያብረቀርቅ ሳሕን መካከል ይነዳል። ለመለኮስ ሳሕኑን በመዳፍ ከድኖ ጋዙን ጥቂት ማጠራቀም፣ ከዚያም መዳፉን ወደ ጎን ጠረግ አድርጎ የላይተር ጥርስ የምትመስለውን ተሽከርካሪ መምታት ነው። ያን ጊዜ «ቧ!» ብሎ ይያያዛል።

አንድ ሙሌት ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል ያበራል። ስለዚህ ዋሻ ገቢው ጉዞውን የሚቆጥረው በሙሌት ነው። «በስንት ሙሌት ገባሁ፣ ለመመለሻስ ስንት ቀረኝ?» ብሎ ሳያሰላ ወደፊት አይራመድም። ካርባይዱ ውኃ በማያስገባ ዕቃ መያዝ አለበት። ነድዶ የሚቀረው ነጭ ጭቃ ውኃ የጠጣ ኖራ ነው። ይህን በዋሻ ውስጥ መድፋት በጨለማ የሚኖሩትን ጥቃቅን ፍጥረታት ይጎዳል፤ በከረጢት ተደርጎ ተመልሶ ይወጣል።

መብራት ቀልድ እንዳልሆነ ፍሎይድ ኮሊንስ የተባለው ሰው ዕጣ ያስተምራል። ኮሊንስ ጎብኚዎችን የሚስብ ዋሻ ለማግኘት ሲል ጥር 30 ቀን 1925 በኬንታኪ ሳንድ ኬቭ ወደሚባል ጠባብ ጉድጓድ ብቻውን ገባ። ሲመለስ ፋኖሱ ተገልብጦ ጠፋበት፤ በጨለማ ለመውጣት ሲታገል ድንጋይ ወድቆ እግሩን ያዘው። ብዙ ሰው ሊያወጣው ደከመ። የካቲት 16 ቀን ቆፋሪዎቹ ሲደርሱ ግን ሕይወቱ አልፎ አገኙት። ዋሻ ገቢዎች ዛሬም አጥብቀው የሚይዙት ሕግ ሁለት ነገር ነው፤ ብቻህን አትግባ፤ አንዱ ሲጠፋ አንዱ እንዲተካ ቢያንስ ሦስት መብራት ያዝ። ዛሬ ካርባይዱን በአብዛኛው የኤሌክትሪክ የራስ መብራት ተክቶታል፤ ሕጉ ግን አልተለወጠም።

2ኛ/ መለኪያዎቹ

ዋሻ የሚለካው ከነጥብ ወደ ነጥብ እየተሄደ ነው። በሁለት ነጥቦች መካከል ሦስት ነገሮች ይወሰዳሉ።

ሀ/ ርቀት፤ በሚጠቀለል ሜትር።
ለ/ አቅጣጫ፤ በኮምፓስ። በ1894 የፈጠራ መብት ያገኘው የዴቪድ ብራንተን ኮምፓስና የፊንላንዱ ሱንቶ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው።
ሐ/ ዳገትና ቁልቁለት፤ ክሊኖሜትር በሚባለው የዘንባላ መለኪያ።

ለምሳሌ ሜትሩ 20፣ ቁልቁለቱም 30 ዲግሪ ቢሆን ወደፊት የሄድነው 17.3 ሜትር፣ ወደ ታች የወረድነው 10 ሜትር ነው። እንዲህ እየተደመረ ካርታው ይወጣል። አንዱ የሜትሩን ጫፍ ይዞ ይቀድማል፤ ሁለተኛው መሣሪያውን ያነባል፤ ሦስተኛው ቁጥሩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግምና ይጽፋል። መድገሙ በከንቱ አይደለም፤ በጭቃና በብርድ መካከል «ስድሳ» «ሰባ» ሆኖ ሊሰማ ይችላል።

ትንሽ ስሕተት ትንሽ ሆና አትቀርም። በ30 ሜትር ላይ የሁለት ዲግሪ ስሕተት ነጥቡን ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ጎን ይወስደዋል፤ ቀጣዮቹ ነጥቦች ሁሉ ከእርሱ ጋር ይሄዳሉ። ስሕተት የሚያመጣው አንዱ ነገር ብረት ነው። የኮምፓስ መርፌ ወደ ብረት ትሳባለች። የካርባይድ መብራት ገላ ነሐስ በመሆኑ መርፌዋን አይስባትም፤ በብረት የተለበጠ ባትሪ ድንጋይ ግን ሊያስታት ይችላል።

ስሕተትን ለማግኘት ሁለት ዘዴዎች አሉ። የመጀመሪያው ወደ ኋላ ማንበብ ነው። ከዚህ ወደዚያ 70 ዲግሪ ከሆነ ከዚያ ወደዚህ 250 መሆን አለበት። ሁለተኛው ዙሮ መግጠም ነው። በሌላ መንገድ ዞሮ ወደ መነሻው የተመለሰ ለኪ ሒሳቡ መነሻው ላይ ሊያደርሰው ይገባል። ካላደረሰው የቀረው ርቀት ስሕተቱን ይነግረዋል። ዋሻው ራሱ ለኪውን ይፈትነዋል ማለት ነው።

3ኛ/ ልክ ምስክር ሲሆን

በ1842 የማሞዝ ዋሻን ካርታ በቃሉ የሣለው ስቲቨን ቢሾፕ የተባለ ባሪያ ነበር። በኩራዝ ብርሃን ዓመታት ሲመላለስ ብዙውን ክፍል ያገኘው እርሱ ነው። ካርታው በ1845 ከስሙ ጋር ታተመ፤ ሰውየው ግን ነፃ የወጣው በ1856 ሲሆን፣ በዓመቱ ሞተ። ሕጉ እንደ ዕቃ የቆጠረው ሰው ሥራው በስሙ ተመሰከረለት።

በ1908 ማክስ ኬምፐር የተባለ ጀርመናዊ ከመሪው ከኤድ ቢሾፕ ጋር ሆኖ ዋሻውን በመሣሪያ ለካ። ካርታው እጅግ ትክክለኛ ነበር። ነገር ግን የዋሻው ባለቤቶች ሸሸጉት፤ ዋሻው ከወሰናቸው አልፎ በሌላ ሰው መሬት ሥር እንደሚሄድ ያሳይ ነበርና።

ተመሳሳይ ጉዳይ በአካባቢው በግሬት ኦኒክስ ዋሻ ተነሣ። ኤድዋርድስ የተባለው ባለመሬት የዋሻው በር በእርሱ ግቢ ስለነበር ጎብኚ እያስገባ ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። ጎረቤቱ ሊ «ዋሻው በእኔም መሬት ሥር ያልፋል» ብሎ ከሰሰ። ሊ ወደ ዋሻው መግቢያ በር አልነበረውም፤ ስለዚህ የሚያስረዳለት መለኪያ ብቻ ነበር። ኤድዋርድስ ለኪዎች እንዳይገቡ ቢከራከርም በ1929 የኬንታኪ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ልኬቱ እንዲካሄድ የተሰጠውን ትእዛዝ አጸና። ሲለካ ለጎብኚ ከሚታየው ዋሻ ሲሶ ያህሉ በሊ መሬት ሥር ሆኖ ተገኘ። በ1936 በተሰጠው ፍርድም ከትርፉ ድርሻው ለወራሾቹ እንዲከፈል ተወሰነ። የወሰን ክርክር ምን እንደሆነ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከመሬት በላይ ሽማግሌ ድንበሩን ያሳያል፤ ከመሬት በታች ግን ከሜትርና ከኮምፓስ በቀር የሚመሰክር አልነበረም።

አንድ ምሳሌ እንጨምር። በ1972 ፍሊንት ሪጅ የሚባለውን ጎረቤት ዋሻ ሲለኩ የቆዩ አጥኚዎች በሩቅ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ «ፒት ኤች» የሚል ስምና ቀስት አዩ። ይህ በ1930ዎቹ በማሞዝ ዋሻ ይሠራ የነበረው የፒት ሃንሰን ጽሑፍ ነበር። እርሱ ቀድሞ ደርሶአል፤ መንገዱን የሚያሳይ ልክ ግን ባለመኖሩ የሁለቱ ዋሻዎች መገናኛ ለብዙ ዓመታት ተሰውሮ ቀረ። መስከረም 9 ቀን 1972 በጆን ዊልኮክስ የተመሩ ስድስት ሰዎች ከፍሊንት ሪጅ ተነሥተው ማሞዝ ዋሻ ገቡ። የሁለቱ ርዝመት ተደምሮ 232 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ዛሬ የተለካው ከ680 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

በእኛም አገር በባሌ የሚገኘውና የወይብ ወንዝ የሚያልፍበት ሶፍ ዑመር 15.1 ኪሎ ሜትር እንደሚረዝም ይጠቀሳል። ይህን ቁጥር ስናነብ አንድ ሰው ሜትር ይዞ እንደቀደመ፣ ሌላው ኮምፓስ እንዳነበበ፣ ሌላውም እንደጻፈ እናስታውስ።

4ኛ/ ማጠቃለያ

መብራት የሚጠቅመው ለያዘው ሰውና አጠገቡ ላለው ነው፤ ሲጠፋ የታየውም አብሮ ይጠፋል። በእውነት የተጻፈ ልክ ግን ያልገባውን ሰው እንኳ ያስገባዋል፤ የባሪያውን ሥራ ይናገራል፤ በር የሌለውን ጎረቤት ድርሻ ያስከብራል። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፤ በመስክ ጥናትም ሆነ በማናቸውም ሥራ ያያችሁትን ቁጥሩን ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ፣ በዕለቱ ጻፉት።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የካርባይድ መብራት ብርሃን የሚሰጠው እንዴት ነው? የሚቀረውስ ነጭ ጭቃ ምን ይደረጋል?
2. ርቀት፣ አቅጣጫና ዘንባላ ካልተወሰዱ ካርታ ለምን አይወጣም?
3. የኬምፐር ካርታ ለምን ተሸሸገ? የተጎዳውስ ማን ነው?
4. በአካባቢያችሁ ብዙ ሰው የሚያውቀው፣ ግን ማንም ለክቶ ያልጻፈው ነገር ምን አለ?